ጂን ፊዝ በቤት፦ በአምቦ ውሃ ይሆናል ወይስ ሶዳ ግድ ነው?

ገርጂ_ልጅ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ስምንት ያህል ሰው ቤቴ ይመጣል። ሁሌ ጂን በቶኒክ ከማቀርብ ዘንድሮ ደህና ጂን ፊዝ ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ያለኝ የሀገር ውስጥ ድራይ ጂን፣ የገበያ ሎሚ፣ ስኳርና አንድ ሳጥን አምቦ ነው። ሼከር የለኝም።

ልኬቱ ስንት በስንት ነው? ከቶም ኮሊንስ በምን ይለያል? አንዳንዶቹ እንቁላል ይጨምሩበታል፤ ግድ ነው? ከሁሉ በላይ መልስ የምፈልገው ግን በአምቦ ይሆናል ወይ ለሚለው ነው። የማየው አሠራር ሁሉ ሶዳ ውሃ ነው የሚለው።

የፒያሳ_ባርማን
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ሰላም ልጄ። ሆቴል ባንኮኒ ጀርባ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ ከመሠረቱ ልንገርሽ።

ፊዝ አራት ነገር ነው፦ ጂን፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ስኳር፣ ጋዝ ያለው ውሃ። አሜሪካዊው ባርማን ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መመሪያ ውስጥ ይገኛል፤ ቶም ኮሊንስም እዚያው እትም ላይ አለ። ሁለቱ የሚለያዩት በሚገባባቸው ነገር ሳይሆን በአቀራረባቸው ነው። ኮሊንስ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ፣ በረዶው እንዳለ፣ ውሃው በዛ ተደርጎለት እየተጨዋወቱ የሚጠጣ ነው። ፊዝ በበረዶ ተመትቶ ይጠለልና ያለ በረዶ በትንሽ ብርጭቆ ይቀርባል፣ ጋዙ ሳይወጣም ይጠጣል። በዚያ ዘመን አሜሪካኖች ጠዋት ጠዋት የሚያዙት መጠጥ ነበር። ፊዝ አዝዞ ግማሽ ሰዓት የሚያስቀምጥ እንግዳ ሳይ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ የመጠጡን ደግነት ሳያገኘው ነው የሚሄደው።

ልኬቱን በተመለከተ፣ የዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር 45 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ሚሊ የሎሚ ጭማቂ፣ 10 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ፣ ከላይ ትንሽ ሶዳ ይላል። ይህ ለብዙ ሰው ይጎመዝዛል። እኔ የማቀርበው 45 ጂን፣ 25 ሎሚ፣ 20 ሽሮፕ ነው። ሽሮፑ አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ተሟሙቶ ፍሪጅ የገባ ይሁን። ስኳሩን እንዲሁ ብትጨምሪው በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አይሟሟም፤ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ጉንጭ ኮምጣጣ፣ የመጨረሻው ስኳር ብቻ ይሆናል።

ሼከር ባይኖርሽ አትጨነቂ። ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማር ወይም የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። ጂኑን፣ ሎሚውንና ሽሮፑን ጨምረሽ በረዶ ሙዪበትና ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ነቅንቂው። ጠርሙሱ ከቅዝቃዜው የተነሣ እጅሽን ሲያቃጥልሽ ደርሷል። በሻይ ማጥለያ አጥልለሽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊና ጋዝ ያለውን ውሃ በመጨረሻ፣ ከ60 እስከ 90 ሚሊ፣ በብርጭቆው ጎን አፍሺው። ውሃውን ከሌላው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ጨምረሽ እንዳትነቀንቂ! ጋዙ ክዳኑን ይወረውረዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ቅዝቃዜ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ0 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በ20 ዲግሪ ከሚሟሟው እጥፍ ገደማ ነው። ውሃው ለብ ካለ ስትከፍቺው ነው ጋዙ የሚያመልጥሽ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ጋዙ ለመውጣት ይቸኩላል። ውሃውን ከዋዜማው ጀምረሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፣ ብርጭቆዎቹን አንድ ሰዓት ያህል ፍሪዘር ውስጥ አቆይያቸው። ጂኑም ፍሪዘር ቢገባ አይረጋም። እነዚህን ካደረግሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

ስለ አምቦ የሚያውቅ ይመልስልሽ። እኛ ሆቴል ውስጥ የምንጠቀመው ሶዳ ነበር።

ላብ_ኮት
ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ይሆናል፤ ግን እንደ ሶዳ ቆጥረሽው አይደለም።

አምቦ የማዕድን ውሃ ነው። ጋዝ ብቻ ሳይሆን ብዙ ባይካርቦኔት አለው፤ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢው። ባይካርቦኔት ከሎሚ አሲድ ጋር ሲገናኝ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለወጣል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሎሚው ጉምዛዜ ጥቂት ይበላል፣ ስለዚህ መጠጡ ለዘብ ብሎ ስኳሩ ጎልቶ ይወጣል። ሁለተኛ፣ ሎሚው ሲነካው ተጨማሪ ጋዝ ስለሚፈጠር ፈጥኖ ይገነፍላል። ብርጭቆ ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ እንዳይፈስ በሁለት ጊዜ ከፍለሽ አፍሺው፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ አረፋው በረድ ሲል ቀሪውን።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጋሼ የሰጡሽን ልኬት ይዘሽ ሎሚውን ከ25 ወደ 30 አድርጊው፣ አምቦውን ደግሞ ከ60 ሚሊ አታሳልፊ። ውሃው በበዛ ቁጥር ባይካርቦኔቱም ይበዛል፣ የማዕድኑ ጨዋማ ጣዕምም ጂኑን መጫን ይጀምራል። ሞክሪው፦ ሁለት ብርጭቆ ላይ እኩል ሎሚ ጨምቂ፣ አንዱ ላይ አምቦ፣ ሌላው ላይ ተራ ሶዳ፣ እኩል መጠን። ስትቀምሽው ልዩነቱን ምላስሽ ይነግርሻል።

የሰንቀሌ_ውሃ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

እኔ የአምቦ ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ የመጣ ውሃ እንደ ችግር መታየት የለበትም። ያ ማዕድን ነው ለመጠጡ አካል የሚሰጠው። በተራ ሶዳ የተሠራ ፊዝ ለእኔ ባዶ ነው፣ ሎሚና አልኮል ብቻ ነው የሚሸተኝ። ጨዋማነቱ የጂኑን ምሬት ያለሰልሰዋል። ሎሚ ጨምሩበት፣ ስኳር ቀንሱለት፣ ሌላ ምንም አይጎድለውም።

ላብ_ኮት
ረቡዕ፣ ማታ 2፡41

ወንድሜ ችግር አላልኩም፤ ልኬቱን ይቀይረዋል ነው ያልኩት። ስኳር ቀንሱ ያልከው ግን ትክክል ነው፣ ከ20 ወደ 15 ማውረድ ይቻላል።

የፒያሳ_ባርማን
ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ሁለታችሁም አስተማራችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለጨው የሰጣችሁት ሐሳብ እውነት አለው፤ ድሮም ሶዳ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ጥቂት የሶዲየም ጨው የሚጨመርበት አለ፣ የማዕድን ውሃን ጣዕም ለማምጣት ነው።

ጓዳዬ_ሙሉ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡20

ስለ እንቁላሉ ማንም አልመለሰላትም። ግድ አይደለም። ተራው ጂን ፊዝ እንቁላል የለውም። ነጩ ሲጨመር ሲልቨር ፊዝ፣ አስኳሉ ሲጨመር ጎልደን ፊዝ፣ ሙሉው ሲገባ ሮያል ፊዝ ይባላል። ነጩ ጣዕም አይጨምርም፤ የሚሰጠው አረፋ ነው፣ እንደ ደህና ማኪያቶ አረፋ ጥቅጥቅ ያለ።

ሁለት ነገር ግን ልበል። አንደኛ፣ ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊኖረው ይችላል። በመጠጡ ውስጥ ያለው አልኮልና ሎሚ በዚያች አጭር ጊዜ ይገድለዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ እንግዳ ካለ ተይው። ሁለተኛ፣ ሽታው። ብዙ ሰው የጥሬ እንቁላል ሽታ በትንሹም ይረብሸዋል፣ በተለይ መጠጡ ሲሞቅ።

ለሁለቱም መድኃኒቱ ጓዳችን ውስጥ አለ፦ የሽምብራ ውሃ። ሽምብራውን ከዘፈዘፍሽ በኋላ ያን ውሃ ድፊው፤ የሚፈለገው የተቀቀለበት ነው። ሽምብራው ሲበስል አውጥተሽ ውሃውን ወፈር እስኪል አፍዪውና አቀዝቅዢው። እንደ እንቁላል ነጭ በጣት መካከል ሲያዝ ትንሽ የሚያሙለጨልጭ መሆን አለበት። ለአንድ ብርጭቆ 30 ሚሊ ይበቃል። ጨው ሳትጨምሪ ቀቅዪው።

በእንቁላልም ሆነ በሽምብራ ውሃ ስትሠሪ መጀመሪያ ያለ በረዶ ነቅንቂ፣ 20 ሰከንድ ያህል፤ አረፋው የሚነሣው ያኔ ነው። ከዚያ በረዶ ጨምረሽ ድገሚው።

ገርጂ_ልጅ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡02

የሽምብራው ነገር ደስ አለኝ! ከሚመጡት ሁለቱ እንቁላል በዞረበት አይደርሱም። ለእነሱ በዚህ እሠራለሁ።

ሐይፋ_ወደብ
ሐሙስ፣ ቀን 7፡15

ሰላም ከሐይፋ። አረፋ ከተነሣ ራሞስ ጂን ፊዝ ሳይነሣ አይቀርም፤ ለእኔ ከፊዝ ቤተሰብ ትልቁ እሱ ነው።

ሄንሪ ራሞስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1888 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ያወጣው ነው። ጂን፣ ሁለት ዓይነት ሎሚ (ቢጫውም አረንጓዴውም)፣ ስኳር፣ የእንቁላል ነጭ፣ ክሬም፣ የብርቱካን አበባ ውሃና ሶዳ ይገባበታል። ክሬሙና እንቁላሉ እስኪዋሃዱ ለረጅም ጊዜ መነቅነቅ ስላለበት ራሞስ ለዚህ ሥራ ብቻ ወጣቶች ቀጥሮ ያሰልፍ ነበር። በ1915 የማርዲ ግራ በዓል ላይ 35 ልጆች አንዱ ሲደክመው ለሌላው እያቀበለ ይነቀንቁ እንደነበር ይነገራል። የሉዊዚያናው ሴናተር ሂዩይ ሎንግ ደግሞ በ1935 ኒው ዮርክ ላሉ ባርማኖች አሠራሩን እንዲያሳይ ከኒው ኦርሊንስ ባርማን ድረስ አስመጥቷል። ለአንድ ብርጭቆ መጠጥ ይህን ያህል የተደከመበት ሌላ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ደቂቃ መነቅነቅ አለበት የሚባለውን ግን አልቀበልም። ቤት ውስጥ የጁስ መፍጫ አለሽ አይደል? ከሶዳው በቀር ሁሉንም ከጥቂት በረዶ ጋር ጨምረሽ በረዶው እስኪጠፋ መፍጨት ነው። 45 ጂን፣ 15 ከእያንዳንዱ ሎሚ፣ 30 ሽሮፕ፣ 60 ክሬም፣ አንድ የእንቁላል ነጭ፣ ሦስት ጠብታ የብርቱካን አበባ ውሃ። በክሬም ፈንታ ወተት እንዳታደርጊ፣ ሎሚው ይበጣጥሰዋል፤ የክሬሙ ስብ ነው ከዚያ የሚያድነው። ብርጭቆ ውስጥ ካፈሰስሽ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይረፍ። አረፋው ጠንከር ሲል ሶዳውን መሃል ለመሃል በቀጭኑ አፍሺው፤ አረፋው ከብርጭቆው ጠርዝ በላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል።

የብርቱካን አበባ ውሃ እዚህ የዓረብ ቅመም ሱቅ ሁሉ ውስጥ አለ። እዚያ ካላገኘሽ ሮዝ ውሃ አትተኪ፣ ሌላ መጠጥ ይሆንብሻል። ይልቅ የብርቱካን ልጣጭ ከላይ ጠምዝዘሽ ዘይቱን እርጪበት።

የፒያሳ_ባርማን
ሐሙስ፣ ቀን 8፡00

ለስምንት ሰው ራሞስ አትጀምሪ ልጄ። እሱ ለሁለት ሰው የሚሠራ ነው። እንግዶችሽ ሳሎን ቁጭ ብለው አንቺ ወጥ ቤት ትቀሪያለሽ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡45

ከሜሪላንድ ሰላምታ ይድረሳችሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ የገበያ ሎሚ አለኝ ስላልሽ ነው። ሀገር ቤት ያለው ትንሹ ሎሚ ፈረንጆቹ ለፊዝ ከሚጠቀሙበት ትልቁ ቢጫ ሎሚ የተለየ ፍሬ ነው፤ ሽታው ስለታም፣ ከበስተኋላው ትንሽ የሚመር። ፊዝ ይሆናል፣ ምንም ችግር የለውም። ግን ለእሱ የተፈጠረ የሚመስል ሌላ መጠጥ አለ፦ ጂን ሪኪ።

ሪኪ እዚሁ አጠገባችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ሹሜከርስ በሚባል መጠጥ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የተጀመረ ነው። ኮሎኔል ጆ ሪኪ በሚባል የፖለቲካ ሰው ነው የሚጠራው። መጀመሪያ በውስኪ ነበር፣ ኋላ ጂን ቦታውን ወሰደ። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የዲሲ መጠጥ ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። ስኳር የለውም! 45 ሚሊ ጂን በረዶ በሞላ ረጅም ብርጭቆ፣ ግማሽ አረንጓዴ ሎሚ (በእናንተ ትንሹ ከሆነ አንድ ሙሉ) ጨምቀሽ ልጣጩንም እዚያው ትጥይዋለሽ፣ ከላይ ጋዝ ያለው ውሃ። መነቅነቅ፣ ማጥለል የለም። የዲሲን የሐምሌ ወበቅ የምታውቁ ሰዎች ለምን እንደተወደደ ይገባችኋል።

ስኳር የማይፈልግ እንግዳ ካለሽ ይህን አስቢበት። በአምቦ ደግሞ እመኑኝ፣ ግሩም ነው።

እንጦጦ_ሥር
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡30

ጥያቄ አለኝ። ጂን ጠረኑን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ግቢያችን ጥድ ሞልቷል። ፍሬውን ቮድካ ወይም ንጹሕ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ የራሴን ጂን ብሠራስ?

ላብ_ኮት
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡55

እባክህ አታድርገው። ለጂን የሚውለው ጁኒፐረስ ኮሙኒስ የተባለው ዝርያ ፍሬ ነው። የእኛ ሀገር ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው፣ ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሳቢና እንደሚባለው መርዛም ዝርያም አለ፣ ስለዚህ ‹‹ጥድ ጥድ ነው›› ብሎ መጠጣት አደገኛ ነው። ንጹሕ አልኮል የምትለውም ለመጠጥ የተሠራ መሆኑን ሳታውቅ አትንካው።

ጠረን መጨመር ከፈለግህ ከገበያ ድራይ ጂን ገዝተህ ድንብላል ጨምርበት። ድንብላል ከጥድ ፍሬ ቀጥሎ ብዙ ጂኖች ውስጥ የሚገባ ቅመም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በትንሹ ሰንጥቀህ ግማሽ ጠርሙስ ጂን ውስጥ አንድ ቀን አሳድርና አጥልለው። ኮረሪማም ይሄዳል፤ የምዕራብ አፍሪካ ዘመዱ አንዳንድ ታዋቂ የእንግሊዝ ጂኖች ውስጥ ይገባል። ግን ከኮረሪማው ሁለት ሦስት ፍሬ ዘር ብቻ፣ ቶሎ ይገንናል።

ሪያድ_ያለሁ
ዓርብ፣ ቀን 6፡10

ውይይታችሁን ከሥር ጀምሬ አነበብኩት፣ በጣም ደስ ይላል። እኛ ያለንበት ሀገር ሕጉ አልኮል አይፈቅድም። ያለ ጂን ይህን ጣዕም የሚያስመስል ነገር ይኖራል? ዓርብ ዓርብ ጓደኞቼ ይሰበሰባሉ።

ጓዳዬ_ሙሉ
ዓርብ፣ ቀን 6፡50

አለ እህቴ፣ ድንብላሉ ይሠራልሻል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል ሰንጥቀሽ በደረቁ መጥበሻ ላይ ሽታው እስኪወጣ አሙቂው። አንድ ኩባያ ውሃና አንድ ኩባያ ስኳር ጨምረሽ አንዴ ሲፈላ አውርጂው፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ (ነጩ ሳይነካ) ጣዪበትና ከድነሽ ሃያ ደቂቃ ተዪው። አጥልለሽ ፍሪጅ። ከዚህ 25 ሚሊ፣ ከሎሚ 30 ሚሊ፣ የሽምብራ ውሃ 30 ሚሊ ነቅንቀሽ ጋዝ ያለው ውሃ ሙዪበት። አልኮሉ የሚሰጠው ማቃጠል ስለሌለ ቀጭን ዝንጅብል አብሮ ቢነቀነቅ ያንን ቦታ ይሞላል።

ሪያድ_ያለሁ
ዓርብ፣ ቀን 7፡05

እጅሽ ይባረክ። ሁሉም ነገር እዚህ ይገኛል።

ገርጂ_ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 1፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በአምቦ ልሠራው ወስኛለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለስምንት ሰው አንድ በአንድ እየለካሁ ልሥራ ወይስ ቀድሜ ላዘጋጅ? ሎሚውስ ስንት ልግዛ?

የፒያሳ_ባርማን
ዓርብ፣ ማታ 1፡35

ቀድመሽ አዘጋጂ። በሆቴልም ሰው ሲበዛ እንዲሁ ነው የሚደረገው።

ነገ ከሰዓት በኋላ አንድ ንጹሕ የሊትር ጠርሙስ ውሰጂ። 360 ሚሊ ጂን፣ 240 የሎሚ ጭማቂ፣ 120 ሽሮፕ አድርጊበት፤ ለአምቦ እንደተባለው ሎሚው ጨምሯል፣ ስኳሩ ቀንሷል። ጠቅላላ 720 ሚሊ፣ ለእያንዳንዱ 90 ሚሊ ይደርሳል። ትንሹ ሎሚ አንዱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ስለሚሰጥ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ግዢ። ከመቁረጥሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ አሽተሽ አንከባልዪው፣ ጭማቂው ይበዛል። የሎሚውን ዛሬ ጨምቀሽ አታሳድሪ፤ ካደረ ጣዕሙ ይደበዝዛል። ያንን ጠርሙስ ፍሪጅ አስገቢው።

እንግዶቹ ሲመጡ ለሁለት ለሁለት ሰው አድርጊው። 180 ሚሊ ወደ ማሩ ጠርሙስ፣ በረዶ፣ ነቅንቂ፣ ለሁለት ብርጭቆ አጥልዪ፣ አምቦ። ለሽምብራዎቹ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ ያለ በረዶ መነቅነቁን እንዳትረሺ። አምቦውን ትንሽ ትንሹን ጠርሙስ ክፈቺ፤ ትልቁ ተከፍቶ ሲቀመጥ ለመጨረሻዎቹ እንግዶች ጋዝ አይተርፍም።

እያንዳንዱ 45 ሚሊ ጂን አንድ ሙሉ መለኪያ ነው፣ ስኳርና ሎሚው ስለሚሸፍነው አይታወቅም። ከሁለት በላይ የሚጠጣ ካለ ምግብ በመሃል ይቅረብ፣ መኪና የሚነዳውን ደግሞ የድንብላሉን አቅርቢለት።

ጓዳዬ_ሙሉ
ዓርብ፣ ማታ 1፡50

ጋሼ በረዶውን ዘለሉት። ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ለስምንት ሰው ሁለት ዙር ከታሰበ ከአራት ኪሎ ባያንስ ጥሩ ነው፣ የተነቀነቀበት በረዶ ተመልሶ አያገለግልምና። በታሸገ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሥሪው። ደግሞ ዛሬ ማታውኑ ጀምሪው፣ ነገ መብራት ቢጠፋ እንኳ ፍሪዘሩን ካልከፈትሽው እስከ ማታ ይቆይልሻል።

ገርጂ_ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 1፡58

ውሃው ምድጃ ላይ ነው።